ክንፍ ያለው የግሪክ የሸክላ ምስል አሠራር፦ ክንፉ ሳይሰበር፣ ቀለሙ ሳይረግፍ

የሠራኋቸውን የኤሮስና የኒኬ (የግሪኮች ክንፍ ያላቸው የፍቅር አምላክና የድል አምላክ) ምስሎች ፎቶ ባወጣሁ ቁጥር የሚመጣው ጥያቄ ያው ነው። «ክንፉ እንዴት ነው የማይወድቀው?» ይከተልና «የኔ እሳት ውስጥ ፈነዳ፣ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?» ይመጣል። ለአንድ ለአንድ ሰው በውስጥ መስመር ከምመልስ ሁሉንም እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

የምንከተለው የጥንት ግሪኮችን አሠራር ነው። በተለይ ቦዮቲያ ውስጥ ያለችው ታናግራና ዛሬ በቱርክ ምዕራብ ዳርቻ ያለችው ሚሪና በእነዚህ ትንንሽ ምስሎች ይታወቃሉ። በራሪ ኤሮስና ኒኬ ማየት የፈለገ የሚሪናዎቹን ይመልከት፤ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ብዙ አሉ። አሠራሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ገላው ከሞልድ (ጭቃ ተጭኖበት ቅርጽ ከሚይዝበት ማውጫ) ይወጣል፣ ውስጡ ባዶ ይሆናል፣ ክንፉ ለብቻው ይሠራል፣ ነጩ ቅብ ከመተኮሱ በፊት ይቀባል፣ ቀለሙ ግን ከተተኮሰ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ካፋለሳችሁ ሌላው ጥንቃቄ ሁሉ አያድናችሁም።

ለመጀመሪያ ሥራ ኤሮስን ምረጡ። የሕፃን ገላ ክብ ክብ ስለሆነ ከሞልድ በቀላሉ ይወጣል። ኒኬ ነፋስ የሚያውለበልበው ቀሚስ አላት፤ የቀሚሱ እጥፋት ሞልዱን ቆልፎ ይይዝና ስትጎትቱት ይቀደዳል። እሷን ለሁለተኛ ዙር አቆዩአት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሸክላ አፈር፣ 3 ኪሎ ያህል። ከሸክላ ሠሪዎች መግዛት ይቻላል። ቀይም ቢጫም ችግር የለውም።
- የገል ዱቄት፦ የተሰበረ ሸክላ ወቅጣችሁ በደቃቅ ወንፊት የነፋችሁት
- ጀሶ፣ 3 ኪሎ
- ለሞዴል የሚሆን ፕላስቲሲን (የማይደርቅ የመቅረጫ ጭቃ)
- ካኦሊን (ነጭ ደቃቅ የአፈር ዱቄት) እና ትንሽ ነጭ ሸክላ አፈር፣ ለነጩ ቅብ
- የግራር ሙጫ
- ዱቄት ቀለሞች፦ ቀይ ኦከር፣ ቢጫ ኦከር (ኦከር ከአፈር የሚገኝ ቀለም ነው)፣ ቡናማ፣ ነጭ፣ «ማደር» ከሚባል ተክል ሥር የሚሠራው ሮዝ፣ እና የግብጽ ሰማያዊ። የመጨረሻው ካልተገኘ አልትራማሪን የሚባለው ሰማያዊ ይተካዋል።
- ጫፉ የሾለ እንጨት፣ ስለታም ቢላ፣ ስፖንጅ፣ ሁለት ቀጫጭንና አንድ ሰፊ ብሩሽ፣ ፌስታል፣ ወፍራም ወረቀት፣ ሳሙና፣ ኮላ
- የአቧራ ማስክ። ይህ ግዴታ ነው።
- የሸክላ መተኮሻ ምድጃ፣ ወይም የሚያስተኩስላችሁ ሰው

አሠራሩ

1. ጭቃውን አዘጋጁና ለኩት። ጭቃው ላይ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ የገል ዱቄት ጨምራችሁ በደንብ አሹት። ገሉ ሁለት ጥቅም አለው። አንድ ጊዜ እሳት ስላየ አይኮማተርም፣ ስለዚህ ምስሉ ሲደርቅ መሰንጠቁ ይቀንሳል። በገሉና በጭቃው መሃል የሚቀረው ጥቃቅን ክፍተት ደግሞ ለእንፋሎቱ መውጫ ይሆነዋል። አየር እስኪወጣለት ድረስ ጠረጴዛ ላይ እየመታችሁ እሹት።

ከዚያ አንድ ዘንግ ጭቃ ጠፍጥፋችሁ ልክ 10 ሴንቲሜትር የሆነ መስመር ጫሩበትና አድርቃችሁ አስተኩሱት። መስመሩ 9 ሴንቲሜትር ከሆነ ጭቃችሁ 10 በመቶ ይኮማተራል ማለት ነው። እንግዲህ 16 ሴንቲሜትር የሆነ ኤሮስ ከፈለጋችሁ ሞዴሉ 18 ሴንቲሜትር ገደማ መሆን አለበት። ይህን ፈተና ብዙ ሰው ይዘለዋል። እባካችሁ አትዝለሉት። (የጥንቶቹ ባለሙያዎች ከተተኮሰ ምስል ላይ አዲስ ሞልድ ያወጡ ነበር። በየዙሩ ምስሉ እያነሰ፣ ፊቱም እየደበዘዘ ይሄዳል። ተመራማሪዎች የትኛው ምስል ከየትኛው እንደተቀዳ የሚያውቁት አንዱ በዚህ ነው።)

2. የፊቱን ሞዴል ሥሩ። ሙሉ ገላ አትሥሩ። ጣውላ ላይ የተኛ፣ ከጆሮ ወደ ፊት ያለውን ግማሽ ገላ ብቻ በፕላስቲሲን ሥሩ። የታናግራ ምስሎችን ከኋላ ብታዩአቸው ብዙዎቹ ጀርባቸው እንዲሁ ለስለስ ያለ ጭቃ ነው፤ ድካሙ ሁሉ ፊት ለፊት ላይ ነው የዋለው። ኤሮስ ላይማ ጀርባውን ክንፉ ይሸፍነዋል።

ክንፍና የተዘረጋ እጅ ሞዴሉ ላይ አይኑር። ከገላው ርቆ የሚወጣ ነገር ሁሉ ሞልድ ውስጥ ይቀራል። እጆቹ በኋላ በእጅ ተሠርተው ይለጠፋሉ። ሞዴሉን ከላይ ወደ ታች ስታዩት ከሥሩ የሚሰወር ቦታ ካለ ሙሉት፤ ጀሶው እዚያ ገብቶ ይቆልፋል።

3. ሞልዱን በጀሶ አውጡ። ሞዴሉን በቀጭን ሳሙና ቀቡት። በዙሪያው 3 ሴንቲሜትር ቦታ ትታችሁ በጣውላ እጠሩት፤ ስንጥቁን በጭቃ ድፈኑ። ለ1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ያህል ጀሶ ያዙ። ጀሶው ነው ውኃው ላይ የሚነሰነሰው፤ ውኃ ጀሶ ላይ ካፈሰሳችሁ ይጓጉላል። አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠጣ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ አማስሉት። መጀመሪያ ፊቱ ላይ በብሩሽ ቀቡት። አፍንጫና ዓይን ላይ አየር ከቀረ የምታወጡት ኤሮስ ሁሉ ፊቱ ላይ ኪንታሮት ይኖረዋል። ቀሪውን ከጥግ በኩል አፍስሱ።

ጀሶው ሲጠነክር ይሞቃል። ሙቀቱ እስኪበርድ ጠብቁና ሞዴሉን አውጡ። ሞልዱ አየር በሚነፍስበት ቦታ ሳምንት ያህል ይድረቅ። ደረቅ ጀሶ የጭቃውን ውኃ ይመጥጣል፣ ጭቃው ሸሸት ብሎ በራሱ ይላቀቃል። እርጥብ ሞልድ ላይ ግን ጭቃው ተጣብቆ ይቀራል።

4. ጭቃውን ጫኑበት። ከፊቱ ጀምሩ። ለስላሳ፣ አውራ ጣት የምታህል ጭቃ አፍንጫው ላይ አድርጋችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑ። ከዚያ ሌላውን ከ6 እስከ 7 ሚሊሜትር ውፍረት እያደረጋችሁ ሞልዱን በሙሉ አልብሱት። የውፍረቱ እኩልነት ከሁሉም ይበልጣል። ቀጭኑ ቶሎ ይደርቃል፣ ወፍራሙ ይዘገያል፣ በመሃላቸው ይሰነጠቃል። ሙዚየም ውስጥ የተሰበሩ ምስሎች ውስጣቸው ሲታይ የሠሪው ጣት ያለፈበት ምልክት እንዳለ ነው፤ እናንተም ውስጡን አታለስልሱት፣ ማንም አያየውም።

ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ጠርዙ ከጀሶው ይለያል። ጣውላ ደግፋችሁ ገልብጡት።

5. ጀርባውን ግጠሙ፣ የእንፋሎት ቀዳዳውን ክፈቱ። በተመሳሳይ ውፍረት አንድ ንጣፍ ጭቃ ዳምጣችሁ ጎበጥ አድርጉትና ጀርባ ሥሩለት። ሁለቱ ጠርዞች እኩል እርጥብ ይሁኑ። ሁለቱንም ጫር ጫር አድርጉ፣ በማጣበቂያ ጭቃ ቀቡና ግጠሙ። ማጣበቂያው ያው ጭቃችሁ በውኃ ቀጥኖ ነው፤ ሌላ ጭቃ አትጠቀሙ፣ መኮማተሩ ይለያይና ይለቃል።

ከዚያ ጀርባው መሃል ላይ 2 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ቀዳዳ ቁረጡ። ታናግራ ላይ ብዙ ጊዜ አራት ማዕዘን ነው፣ ሚሪና ላይ ክብ። ለምን ይፈነዳል የምትሉኝ ሰዎች በአብዛኛው ይህ ቀዳዳ የላችሁም። ተዘግቶ የቀረ ባዶ ገላ ውስጥ የታመቀው እርጥበት ሲሞቅ እንፋሎት ይሆናል፤ መውጫ ሲያጣ ግድግዳውን ይሰብራል። በዚሁ ቀዳዳ ጣታችሁን አስገብታችሁ መገጣጠሚያውን ከውስጥ በቀጭን የጭቃ ክር አጠናክሩት።

እጆቹን በዚህ ሰዓት ሥሩና ትከሻው ላይ ለጥፉ። እግሮቹን 8 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው መቆሚያ ላይ አቁሙ። ክንፍ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሆነ ጠባብ መቆሚያ ያለው ኤሮስ ወደ ኋላው ይወድቃል።

አሁን ፊቱን አጥሩት። ሞልድ ሁልጊዜ ትንሽ ያደበዝዛል። በሾለው እንጨት የላይኛውን ሽፋሽፍት አንድ ጊዜ ብቻ ከውስጥ ወደ ውጭ ሳቡ። የከንፈሩን መሃል መስመር ጫፍና ጫፉ ላይ በትንሹ ወጋ አድርጉት፤ ፈገግታው እዚያ ላይ ነው የሚመጣው። የፀጉሩን ጥቅልል በሁለት ሦስት ጭረት ለዩት። ከዚህ በላይ አትነካኩት። ጥንታዊዎቹ ላይ ሕይወት የሚሰጠው ይህች አጭር የእጅ ሥራ ናት፣ ስትበዛ ግን ፊቱ ያረጃል።

6. ክንፎቹን ሥሩ። ቅርጹን ወፍራም ወረቀት ላይ ቁረጡ፣ 9 ሴንቲሜትር ርዝመት ይበቃል። ጭቃውን 7 ሚሊሜትር ዳምጡ። አንዱን ከቆረጣችሁ በኋላ ወረቀቱን ገልብጡት፤ ካልገለበጣችሁት ሁለት ግራ ክንፍ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ከሥሩ ላይ 2 ሴንቲሜትር ተኩል ስፋትና 12 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ምላስ አስቀሩ። ሥሩ 7 ሚሊሜትር እንደሆነ ይቆይ፤ ጫፉን እስከ 4 ሚሊሜትር አሳሱት። ክብደቱ ወደ ገላው ይጠጋል፣ ጫፉም ከሩቅ ቀጭን መስሎ ይታያል።

ላባውን በለስላሳ ጭረት ብቻ አሳዩ። ጥልቅ ጭረት መስበሪያ መስመር ነው። ክንፎቹን ወረቀት በተጠቀለለበት ጠርሙስ ላይ አስተኙና ጎበጥ ይበሉ።

7. ማስገቢያውን ቁረጡ። የክንፉ ጥያቄ መልስ እዚህ ነው። ብዙ ሰው ክንፉን በማጣበቂያ ጭቃ ጀርባው ላይ ይለጥፈዋል። ሙሉው የክንፍ ክብደት በጣት ጫፍ የምታህል ቦታ ላይ ይንጠለጠላል፣ ሲደርቅ ክንፉ ቀድሞ ይኮማተራል፣ ገላው ይከተላል፣ መገጣጠሚያው ይላቀቃል። ጥንታዊ ምስሎች ጀርባ ላይ ግን ለክንፍ የተቆረጠ ማስገቢያ ታያላችሁ፤ ክንፉ ጠፍቶም ማስገቢያው ቀርቷል። ክንፉ እንደ በር ማጠፊያ ውጭ ላይ የተመታ ሳይሆን ግድግዳው ውስጥ የገባ ነው።

በቀዳዳው በኩል ጭቃ አስገብታችሁ ከትከሻዎቹ ኋላ ያለውን ግድግዳ ከውስጥ እስከ 12 ሚሊሜትር አወፍሩት። ከዚያ ምስሉ ጠንከር ብሎ ግን ገና ሳይደርቅ፣ ጥፍር ሲጫነው ምልክት በሚይዝበት ሰዓት፣ በሁለቱም በኩል ማስገቢያውን በቢላ ቁረጡ። ወደ ኋላና ወደ ውጭ ያዘንብል። ምላሱ ሲገባ በዙሪያው አንድ ሚሊሜትር ያህል ልቅ ይሁን። ክንፉም በዚያው ሰዓት እኩል እርጥብ ይሁን፤ አንድ ዓይነት ጭቃ እኩል እርጥብ ሆኖ ከተቆረጠ እኩል ይኮማተራል፣ ልኩም አይለወጥም።

ሞክሩትና አውጡት። ምላሱ ላይ «ግ» እና «ቀ» ብላችሁ ጫሩ። ክንፉ ለብቻው ነው የሚተኮሰው።

ሌላም ነገር አለ። መቆሚያው ሥር ስማችሁንና ዓመተ ምሕረቱን በጭቃው ላይ ጻፉ። ታናግራ ላይ መቃብሮቹ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ከተገኙ በኋላ ገበያው በአስመሳይ ሥራ ተጥለቅልቆ ነበር። የናንተ ሥራ ከእጃችሁ ወጥቶ «ጥንታዊ ነው» ተብሎ እንዳይሸጥ አሁኑኑ ምልክት አድርጉበት።

8. ነጩን ቅብ ቀቡ። ሁለት እጅ ካኦሊንና አንድ እጅ ነጭ ሸክላ አፈር በውኃ በጥብጡ። ጣት ስትነክሩበት የቆዳችሁን መስመር ሸፍኖ የሚቀር ውፍረት ይኑረው። ካኦሊን ብቻውን ብዙም አይኮማተርም፤ ከሥሩ ያለው ጭቃ ሲኮማተር እሱ ይላጣል። ለዚህ ነው ሸክላ አፈሩ የሚጨመረው። ጭቃው ገና እርጥበት ሳለው በሰፊ ብሩሽ ሁለት ጊዜ በሳሳው ቀቡ። ምላሱንና ማስገቢያውን አትቀቡ፣ ልኩ ይጠብባል። ነጩ መሠረት ከሌለ ቀለሙ በቀዩ ሸክላ ላይ ይጠፋል፣ ሰማያዊው ደግሞ ጥቁር ይመስላል።

9. አድርቁ። ፌስታል ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን፣ ከዚያ ፌስታሉን ትንሽ በትንሹ እየከፈታችሁ ሳምንት። ፀሐይ ላይ አታውጡ። ጉንጫችሁ ላይ አስጠግታችሁ ከቀዘቀዛችሁ ገና ውኃ አለው።

10. አስተኩሱ። ምድጃው በ90 ዲግሪ ላይ በሩ ገርበብ ብሎ ሦስት አራት ሰዓት ይቆይ። ከዚያ በሰዓት 100 ዲግሪ እያደረገ እስከ 600 ይውጣ። 573 ዲግሪ አካባቢ በጭቃው ውስጥ ያለው የአሸዋ ቅንጣት በድንገት መጠኑ ስለሚለወጥ መቸኮል እዚህ ላይ ያሰነጥቃል። ከ600 በኋላ በሰዓት 150 እያለ እስከ 900 ድረስ። ግማሽ ሰዓት ይቆይና ይጥፋ። ከ100 ዲግሪ በታች ሳይወርድ አይከፈት።

ምድጃ የሌላችሁ በኩበትና በእንጨት ማስተኮስ ትችላላችሁ፤ ምስሉንና ክንፎቹን አሮጌ ማሰሮ ውስጥ አድርጋችሁ አፉን በገል ክደኑት። ነበልባሉ በቀጥታ ክንፉን ከነካው ይሰነጥቀዋል፣ ነጩንም ያጠቁረዋል።

11. ክንፉን ግጠሙ። ጀሶ በኮላና በውኃ አቡክታችሁ ማስገቢያው ውስጥ አድርጉ፣ ምላሱን አስገቡ፣ እስኪደርቅ በአሸዋ ከረጢት ደግፉት። የተረፈውን በእርጥብ ብሩሽ ጥረጉና መገጣጠሚያውን በነጭ ቀለም ሸፍኑት። ክንፉ አንድ ቀን ቢሰበር ጀሶውን አርሳችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። ለዚህ ነው ጠንካራ ማጣበቂያ የማልመክረው።

12. ቀለም ቀቡ። የግራሩን ሙጫ በሁለት እጥፍ ሙቅ ውኃ አሳድራችሁ በጨርቅ አጥልሉ። ቀለሙን በዚህ ውኃ መስተዋት ላይ እሹት። የሚቀባው ከተተኮሰ በኋላ የሆነው ለምሳሌ የማደሩ ሮዝ ከተክል ሥር የሚወጣ ስለሆነ እሳት ስለሚያጠፋው ነው።

መጀመሪያ ሰፋፊውን ቦታ። ለገላው ነጭ፣ ቀይ ኦከርና ጥቂት ቢጫ። ለፀጉሩ ቀይ ቡናማ። ለክንፉ፦ ወደ ትከሻው ያሉት አጫጭር ላባዎች ሮዝ፣ ረጃጅሞቹ ሰማያዊ፣ ጠርዙ ላይ ቢጫ ኦከርና አቅም ካለ በላዩ ቅጠል ወርቅ። የግብጽ ሰማያዊ ሲፈጩት ይነጣል፤ ደማቅ ከፈለጋችሁ ሻካራውን ተጠቀሙ፣ ሙጫውንም ጨመር አድርጉለት። ዓይን፣ ቅንድብና ከንፈር መጨረሻ ላይ፣ በቀጭኑ ብሩሽ፣ ሳትደጋግሙ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

ቀለሙ ጣት ላይ ከመጣ ሙጫው አንሷል። ካብረቀረቀና ከተሰነጠቀ በዝቷል። ሁልጊዜ ትርፍ ገል ላይ ሞክሩ።

ነጩ ቅብ ከተላጠ ወይ ጭቃው ደርቆ ነው የቀባችሁት፣ ወይ በጣም ወፍሯል።

ጭንቅላቱ ብቻ ከፈነዳ ውስጡ ድፍን ነው። ከ1 ሴንቲሜትር በላይ የወፈረ ቦታ ሁሉ ከውስጥ በመርፌ ይወጋ።

ክንፉ ከተተኮሰ በኋላ ማስገቢያው ውስጥ አልገባ ካለ አትግፉት። ምላሱን እያረጠባችሁ በብርጭቆ ወረቀት አሳሱት።

ጥንቃቄ

የደረቀ ሸክላ፣ የካኦሊንና የገል አቧራ ሳንባ ይጎዳል። ማስክ አድርጉ፣ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ አትጥረጉት በመጥረጊያ። ጀሶ ሲጠነክር ስለሚሞቅ እጃችሁን ውስጡ አታቆዩ፤ የተረፈውንም ማጠቢያ ቧንቧ ውስጥ አትድፉ። የጥንቶቹ ቀለም ቀቢዎች የተጠቀሙባቸውን ሲናባርና የእርሳስ ነጭ አትግዙ። አንዱ ሜርኩሪ፣ ሌላው እርሳስ የሚባለው ብረት አለበት፤ ሁለቱም መርዝ ናቸው። ቀይ ኦከርና ቲታኒየም ነጭ ይተካቸዋል።

ያለቀውን ምስል በውኃ አትጠቡት፣ እርጥብ ጨርቅም አታስነኩት፤ ሙጫው ይቀልጥና ቀለሙ አብሮ ይሄዳል። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች አራግፉ። ስታነሱት ከመቆሚያው ሥር በሁለት እጅ እንጂ በክንፉ አትያዙት። የማደሩ ሮዝ ብርሃን ስለሚያፈዝዘው ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ አታስቀምጡት።